መኮንን ሣጥን ገባ

በአዲስ አበባ ሰውን ሽማግሌ የሚያደርገው ዕድሜ አይደለም፤ ብስለትም አይደለም... ጥቁር ሱፍ ነው! አትሳቁ እንጂ። ፀጉራችሁ እንደ ጥጥ ቢነጣ፣ የሰፈሩን ባልና ሚስት ሁሉ ብታስታርቁ፣ ምሳሌ ስትናገሩ ሰው አፉን ከፍቶ ቢሰማችሁ... ሱፍ ከሌላችሁ ለልጅ ጥየቃ የሚጠራችሁ የለም። እንደ እኔ ዓይነቱ፣ በገዛ ትዳሩ ውስጥ እንኳ አስተያየት የመስጠት መብቱ ገና ያልተከበረለት ሰውዬ ደግሞ ሱፉን ከላውንደሪ ይዞ ሲመጣ አንድ ጊዜ ከታየ አለቀለት። ሽማግሌ ነው!

እኔን ያየኝ ናሆም ነው። ናሆም የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ ቂርቆስ ቤታችን ግድግዳ ለግድግዳ ስለሆነ እሱ ሲያስነጥሰው "ይማርህ" የምንለው እኛ ነን። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሱፌን በላስቲክ እንደተጠቀለለ ትከሻዬ ላይ ጥዬ ስገባ በር ላይ አገኘኝ።

"ጋሼ... ሱፍ አለዎት እንዴ?"

"አለኝ፤ ምነው?"

"ነገ ከሰዓትስ ምን አለብዎት?"

እዚህ ላይ "ለቅሶ አለብኝ" ማለት ነበረብኝ። አላልኩም! ለካስ ናሆም አብራው የምትሠራ ማህሌት የምትባል ልጅ ወዶ፣ ወላጆቹ ሽማግሌ መርጠው፣ ቀን ተቆርጦ፣ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ሦስተኛው ሽማግሌ ወገባቸውን ይዟቸው ተኝተዋል።

"ምንም አይከብድም እኮ ጋሼ" አለኝ፣ "በቃ ሄዶ መቆምና ጭንቅላት መነቅነቅ ነው።"

ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ከእሷ በፊት ሳቋ ከማድቤት ወጣ።

"አንተ? ቲማቲም እንኳ ተከራክረህ መግዛት የማትችለው ሰውዬ የሰው ልጅ ልትለምን?"

"አንቺን ለምኜ የለም እንዴ?"

"እሱንማ አባቴ አዝኖልህ ነው።"

እንዲህ ተመርቄ ነው እንግዲህ እሁድ ከሰዓት ሱፌን ግጥም አድርጌ የወጣሁት። ናሆም ራሱ እየነዳ ሦስታችንን ይዞን ሄደ። ከፊት የተቀመጡት ዋናው ሽማግሌ ጋሽ መኮንን ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር። በቂርቆስ ዙሪያ እሳቸው ቆመው የለመኗት ልጅ ተከልክላ አታውቅም ይባላል። አንድም በንግግራቸው ማማር ነው፤ አንድም ንግግራቸው ከመርዘሙ የተነሣ የልጅቷ አባት "ወስዳችሁ ገላግሉኝ" እያለ ነው። ከኋላ ከእኔ ጋር የተቀመጡት ደግሞ የናሆም ቤተሰብ የንስሐ አባት ቄስ አምሳሉ ናቸው፤ ጸጥ ያሉ፣ ሲስቁ ትከሻቸው ብቻ የሚንቀጠቀጥ።

ጋሽ መኮንን ዞር ብለው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"አንተ ጀማሪ ነህ። ስለዚህ አትናገርም። እኔ ስናገር ትነቀንቃለህ፤ አባታችን ሲመርቁ አሜን ትላለህ። 'ተቀመጡ' እስኪሉን ድረስ እንቆማለን። መቀመጥ ማለት ተፈቀደልን ማለት ነው። አንዴ አንዱ ሶፋ አይቶ ቁጭ ብሎብኝ ስንት ጣጣ ነው ያየሁት!"

"ድንገት የምናገረው ነገር ቢኖረኝስ ጋሼ?"

"አይኖርህም። ቤቱ እንኳ ቢቃጠል እኔ ከጨረስኩ በኋላ ነው የምትናገረው።"

ናሆም ቡልጋሪያ አንድ አፓርታማ ሥር አውርዶን፣ እሱ መስቀል ፍላወር ካፌ ቁጭ ብሎ ስልክ ሊጠብቅ ሄደ። የማህሌት አባት አቶ ኃይሉ የድሮ የካዛንቺስ ሰው ናቸው፤ ሰፈሩ ሲነሣ ነው እዚህ ፎቅ ላይ የወጡት። ሊፍቱ እንደ ልማዱ ተኝቷል። ጋሽ መኮንን በየደረጃው ቆም እያሉ ንግግሬን እየተለማመድኩ ነው ይበሉ እንጂ እኔ እንደገባኝ ትንፋሽ እየሰበሰቡ ነው።

በሩን የከፈቱልን የአቶ ኃይሉ እኅት እትዬ አበባ ናቸው። ዓይናቸው ቀልቷል።

"ግቡ፣ ግቡ... ቤታችን እንኳ ዛሬ ጥሩ አይደለም።"

"ምነው በደኅና?" አሉ ጋሽ መኮንን።

"ኧረ ምን ደኅና አለ! መኮንን ከትናንት ጀምሮ የለም።"

እኔና ቄስ አምሳሉ ዞር ብለን ጋሽ መኮንንን አየናቸው። እሳቸውም መኖራቸውን ሊያረጋግጡ ደረታቸውን ዳበስ አደረጉ። አሉ።

"መኮንን ማናቸው? የቤተሰብ ሰው ናቸው?" አሉ ቄስ አምሳሉ ሐዘን በገባው ድምፅ።

"ከቤተሰብም በላይ ነው እንጂ አባቴ! ወንድሜ እሱን ሳያይ ቁርስ አይቀምስም።"

"ለፖሊስ አመለከታችሁ?"

"ለፖሊስ? ምን ብለን?"

"መልኩን... ቁመቱን መናገር ነዋ!"

"ቁመቱማ ይቺን ብትሆን ነው" ብለው እትዬ አበባ ስንዝራቸውን ዘረጉ።

ቄስ አምሳሉ አማተቡ። "ጨቅላ ነው! አምላኬ... እናቱስ እንዴት ሆነች?"

"እናቱን እኛ የት እናውቃታለን? ከሱቅ ነው የገዛነው።"

እመኑኝ፣ በዚያች ደቂቃ ሦስታችንም ወደ ደረጃው ዞረን ነበር። ከሱቅ ሕፃን የሚገዛ ቤተሰብ ጋ ምን ዝምድና ይፈጠራል? ደግነቱ እትዬ አበባ ፊታችንን አይተው ነገሩ ገባቸው።

"ዓሣ ነው እኮ! የወንድሜ ዓሣ ነው።"

"ዓሣ?" አሉ ጋሽ መኮንን።

"ዓሣ።"

"መኮንን የሚባል... ዓሣ?"

"ደረቱን ነፍቶ ወዲያ ወዲህ ሲል እንደ መኮንን ስለሚያደርገው ነው ያንን ስም ያወጣለት። እርስዎን ደግሞ ማን ልበል?"

ጋሽ መኮንን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቀና አሉ፤ ጎንበስ አሉ። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ "መኮንን" አሉ። እኔ የክራቫቴን ጫፍ ነከስኩ። የቄስ አምሳሉ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ሳሎኑ ውስጥ ግማሽ ግድግዳ የያዘ የዓሣ ገንዳ አለ። ምን ገንዳ ነው፣ የመስታወት ሐይቅ ነው እንጂ! ካዛንቺስ ሲለቁ ከዕቃው ሁሉ ቀድሞ የተጫነው እሱ ነበር አሉ። አቶ ኃይሉ ፊት ለፊቱ ወንበር ስበው ተቀምጠዋል። ተነሥተው ጨበጡን፤ ዓይናቸው ግን ገንዳው ላይ ነው። ትናንሽ ዓሦች ሽር ሽር ይላሉ፤ መኮንን የለም።

"ምንጣፉን አንሥተናል፣ ሶፋውን ገልብጠናል" አሉን። "ይዘላል፣ ደፋር ነው። ዘሎ ወድቆ የጎረቤት ድመት ወስዳው ይሆናል ብዬ ድመቷን አስጠራኋት። ዓይኔን ማየት አልቻለችም።"

"ኀጢአት የሠራ እንደዚያ ነው" አሉ ቄስ አምሳሉ።

ጋሽ መኮንን እዚህ ላይ "ሌላ ቀን እንምጣ" ማለት ይችሉ ነበር። ግን ያን ሁሉ ደረጃ ወጥተዋል፤ ንግግሩም ጉሮሯቸው ላይ ደርሷል።

"አቶ ኃይሉ፣ እኛ እንኳ የመጣነው..."

"ለምን እንደመጣችሁ አውቃለሁ፤ ክብር ይስጥልኝ። ግን መኮንን ይሙት ይኑር ሳላውቅ በምን ልቤ ልጅ ልስጥ?"

"ከአፍዎ ይራቅ!" አሉ ጋሽ መኮንን።

"ሞቶም ከሆነ ሬሳውን ልይ።"

"ኧረ አቶ ኃይሉ!"

"ይሸታል እኮ ካልተገኘ!"

ጋሽ መኮንን ይህን ርዕስ ለመዝጋት ያለው መንገድ አንድ ብቻ መሆኑ ገባቸው፤ ንግግራቸውን ጀመሩ። ከአዳምና ከሔዋን ነው የተነሡት። እኔ በደንቡ መሠረት ቆሜ እየነቀነቅኩ ነው። የቆምኩት ደግሞ ከገንዳው ጎን፣ ጥጉ ጋ ነው።

እዚያ ጥግ ላይ ገንዳው ውስጥ ጠበብ ያለች ቀጥ ያለች ሣጥን አለች። አናቷ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ስንጥቅጥቅ ያለ ነው። የገንዳው ውሃ ሲሞላ በጥርሶቹ መሐል ሾልኮ እዚያች ሣጥን ውስጥ ይወርዳል፤ በውስጧ ባለው ቱቦ አድርጎ ከሥር ቁምሳጥኑ ውስጥ ወዳለው ማጣሪያ ይሄዳል፤ ከዚያ በፓምፕ ይመለሳል። ይህን ሁሉ ኋላ ነው ያወቅሁት። ያኔ ያየሁት ጥቁር ሣጥን ብቻ ነው። ከፊት ለፊት ሲያዩዋት ጥቁር ነች፤ እኔ በቆምኩበት በጎን በኩል ግን መስታወት ስለሆነ ውስጧ ይታያል። እና ጋሽ መኮንን ይስሐቅና ርብቃ ላይ ሲደርሱ... አንድ ብርቱካናማ ጅራት እያየኝ... ማለቴ እያየሁት ተወራጨ!

ጎንበስ ብዬ አየሁ። አንድ ስንዝር የሚሆን ጎልማሳ ዓሣ፣ አፉን ወደ ላይ አድርጎ፣ በቱቦውና በግድግዳው መሐል ተቀርቅሮ ያፈጥብኛል። ጉንጩ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ እንደ እኔ መናገር ፈልጎ ያልተፈቀደለት ይመስላል።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ቤቱ ቢቃጠል እንኳ አትናገር ተብያለሁ። ስለዚህ በጭንቅላቴ ለማመልከት ሞከርኩ።

"ልጃችን ናሆም መጠጥ የሚባል ነገር አይቀምስም" ይላሉ ጋሽ መኮንን። እኔ በዚያው ቅጽበት ጭንቅላቴን ወደ ጥጉ፣ ወደ ጎን፣ ደጋግሜ ወዘወዝኩ።

አቶ ኃይሉ አዩኝ። "ይጠጣል እንዴ?"

ጋሽ መኮንን በዓይናቸው ቆረጡኝ። "አይጠጣም! ሥራውንም አክባሪ ነው፤ አለቆቹ ሁሉ..."

አሁንም ወዘወዝኩ። በቅንድቤም ጨመርኩበት።

"ከሥራም ተባሯል?" አሉ እትዬ አበባ ደንግጠው።

የናሆም ትዳር በአንገቴ ምክንያት ሲፈርስ በዓይኔ አየሁት። ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮህኩ፦

"መኮንን ሣጥን ውስጥ ገብቷል!"

እትዬ አበባ "ወይኔ!" ብለው ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑ። ቄስ አምሳሉ ከልማድ ብዛት "ነፍስ ይማር" አሉ። ጋሽ መኮንን ደግሞ ወደ እኔ ዞረው በታላቅ መገረም፦

"ቆሜ እያለሁ?!" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጫጫታ ተዉት። አቶ ኃይሉ በጉልበታቸው ተንበርክከው መስታወቱ ላይ ተለጠፉ። "መኮንን! አይዞህ! መጣሁልህ!" ጋሽ መኮንን በተጠሩ ቁጥር ሳይወዱ በግድ "አቤት" ሊሉ ከንፈራቸውን ያላቅቁና ይመልሱታል። መረቡ መጣ፤ ለገንዳው እንጂ ለሣጥኗ ይሰፋል። እትዬ አበባ ከማድቤት የሻይ ማጥለያ አመጡ፤ አጭር ነው። ጭልፋ አመጡ፤ ረጅም ነው፣ ግን ዓሣው ጭልፋውን ሲያይ ምን እንደመሰለው እንጃ ጭራሽ ወደ ታች ሰመጠ።

"ጭልፋ አታሳዩት እንጂ!" ብለው አቶ ኃይሉ ጮኹ።

"እጅ ነው የሚሻለው" አሉ ቄስ አምሳሉ። ሁሉም ክንዱን አየ። ከዚያ ሁሉም የእኔን ክንድ አየ። ባለቤቴ "ፓስታ" የምትለው ክንዴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈለገ! ሱፌን አወለቅሁ፤ እጅጌዬን ሰብስቤ ሣጥኗ ውስጥ አስገባሁ። ነካሁት! የሚያሟልጭ ነገር በጣቴ መሐል እልም ብሎ ከቱቦው ሥር ገባ። ጠጋ ብዬ ክርኔን ጨመርኩ... ከዚያ ጋሽ መኮንን "ዓሣ መብላት በብልሃት" ሲሉ ክርኔ ቀጭ አለና ቀረ።

"ያዝከው?" አሉ አቶ ኃይሉ።

"አይ፣ እኔ ተያዝኩ።"

ጎትቼ አልወጣ አለኝ። በቱቦውና በግድግዳው መሐል አሁን ሁለት ነን፤ እኔና መኮንን። እጄ ቢያብጥ ምን ይዋጣኛል? እሱስ በእጄ ተጨፍልቆ ቢሞት? በሰው ቤት ሽማግሌ ሆኜ ሄጄ የአባወራውን ዓሣ በክርኔ ገድዬ የምመለስ ሰው ልሆን ነው። "ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል" ይላሉ አበው፤ ጎርጓሪው ራሱ ተወሽቆ ሲቀር ምን እንደሚባል ግን አልነገሩንም!

"ፓምፑን አጥፉት!" አሉ አቶ ኃይሉ።

በዚህ ጊዜ ከመኝታ ቤት በኩል የሴት ድምፅ መጣ፦ "አባዬ፣ እንዳታጠፋው! ውሃው ከቆመ እዚያ ጥበት ውስጥ አየር ያጥረዋል!"

"ይሄ የማን ድምፅ ነው?" አሉ ጋሽ መኮንን።

"የልጄ።"

"እሷማ አትናገርም! አትወጣም! እኛ ባለንበት ደንብ አይደለም!"

"ደንቡን ለመኮንን ይንገሩለት!" ብለው አቶ ኃይሉ ተቆጡና "ማህሌትዬ፣ ነይ ውጪ!" አሉ።

ማህሌት ወጣች። ግማሽ ፀጉሯ በቢጉዲን ተጠቅልሏል፤ ግማሹ ቆሟል። ከሚለምኗት ሰዎች አንዱ ክንዱን ከነትከሻው ገንዳ ውስጥ ነክሮ፣ ሌላው ጭልፋ ይዞ፣ ሦስተኛው ሲመክር አየችን። አልሳቀችም። ለዚህ እኔ ዛሬም አመሰግናታለሁ። አጠገቤ መጥታ አየት አደረገችኝ።

"ጋሼ፣ ጨብጠዋል አይደል?"

ለካስ ከድንጋጤ የተነሣ ጭብጥ አድርጌያለሁ።

"ጣትዎን ይዘርጉት። ይተንፍሱ። አይጎትቱ፤ ወደ እኔ ያዙሩት..."

ዘረጋሁ፤ ተነፈስኩ፤ አዞርኩ... ክንዴ ሾልኮ ወጣ! ቀይ ሥር መስሏል። እትዬ አበባ ፎጣ ሰጡኝ።

"እሱን አሳድዶ መያዝ አይቻልም" አለች ማህሌት ወደ ሁላችን ዞራ። "ውሃው ራሱ ይዞት ይውጣ። ቱቦውን ከደፈንነው ሣጥኑ እስከ አፉ ይሞላል፤ መኮንንም አብሮ ይንሳፈፋል።"

"በምን እንድፈነው?" አሉ አባቷ።

ጋሽ መኮንን ክራቫታቸውን ሸሸጉ። ማህሌት ወደ ማድቤት ገብታ ወፍራም ካሮት ይዛ መጣች። በክር አሰረችውና በቀጭን እጇ የቱቦው አፍ ውስጥ ሰካችው። ልክ ለዚያ የተፈጠረ ነው የሚመስለው።

"አሁን ፓምፑ ትንሽ ይሠራል፤ ልክ አፉ ጋ ሲደርስ እናጠፋዋለን። ካላጠፋነው ገንዳው ይፈሳል። ማብሪያ ማጥፊያው ጋ አንድ ሰው ይቁም።"

ጋሽ መኮንን ተመደቡ። ለምን እሳቸው? ሌላው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ዓሣውን እያየ ስለነበር ነው። ያ ስሕተት ነበር... ወይም አልነበረም፤ እናንተው ፍረዱ።

ውሃው መውጣት ጀመረ። ቀስ... ቀስ... እያለ። መኮንንም ከታች ከፍ አለ። ጎኑ ተልጧል፤ ግን ክንፉ ይንቀሳቀሳል። አቶ ኃይሉ የልጃቸውን እጅ ያዙ። ቤቱ ጸጥ አለ። እና ጋሽ መኮንን ዕድሜ ልካቸውን በንግግር የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጸጥ ያለ ቤት ሲያዩ አይችሉም።

"እንግዲህ አቶ ኃይሉ፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ልጃችን ናሆምም..."

"አጥፉት!" አለች ማህሌት።

"...የዋዛ ልጅ አይደለም! ጥፋት በእሱ ዘንድ..."

"ጋሼ፣ ያጥፉት!"

"...እንኳን አጥፍቶ፣ ያጠፋም ሲያይ..."

ፏ! ገንዳው በአራቱም ማዕዘን ሞልቶ ፈሰሰ። ምንጣፉ ዋኘ። ቄስ አምሳሉ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወንበር ላይ ወጡ። እትዬ አበባ "የውሃ ያለህ!" ብለው ጮኹ፤ ውሃ እያላቸው። እኔ ተወርውሬ ማጥፊያውን ተጫንኩት። ስዞር ግን... ውሃው ከማበጠሪያው ጥርሶች በላይ ሆኖ ነበርና መኮንን አንዴ ጅራቱን አማታ፤ ከሣጥኗ አናት ላይ በደረቱ ተንሸራቶ... ገንዳው ውስጥ ገባ! ማንም ሳይነካው፣ በገባበት በር፣ በእግሩ እንደሄደ ሰው! አንዴ ዙሩን ዞረ፤ መሐል ላይ ቆመ፤ ደረቱን ነፋ።

እትዬ አበባ እልል አሉ። እኔና ቄስ አምሳሉ ተቃቀፍን።

"ሆን ብዬ ነው የቆየሁት" አሉ ጋሽ መኮንን።

አቶ ኃይሉ አልሰሟቸውም። ጫማቸው ውሃ ውስጥ ሆኖ ወንበራቸው ላይ ዘፍ ብለው ዓይናቸውን አበሱ። እኛ "ተቀመጡ" ስላልተባልን አሁንም እንደቆምን ነን። ረጥበን ቆመናል።

"ይቅርታ አድርጉልኝ" አሉ። "ለዓሣ የሚያለቅስ ሰው ያበደ ይመስላችኋል። እናቷ ካረፈች ወዲህ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እኔና እሷ ይሄን ገንዳ እናጥባለን። በሌላ ቀን ሁለታችንም ደክሞን ነው የምንገናኘው፤ አናወራም። እጃችን ውሃ ውስጥ ሲሆን ግን ታወራኛለች። ስለ ናሆምም መጀመሪያ የሰማሁት እዚሁ ላይ ቆመን ነው። ልጁን አልጠላሁትም። ግን እሷ ስትሄድ... እሁድን ከማን ጋር ላወራ ነው? ከመኮንን ጋር?"

ማህሌት አጎንብሳ እርጥቡን ፎጣ ትጨምቃለች፤ ተጨምቆ አላልቅ አላት።

ጋሽ መኮንን ያኔ ምሳሌ አልተናገሩም። ገርሞኛል። ጠጋ ብለው እጃቸውን የሰውየው ትከሻ ላይ አደረጉ።

"ይመጣሉ" አሉ። "ሁለቱም። እሁድ እሁድ።"

"እሱም?"

"እሱም!"

እዚህ ላይ ቢያቆሙ ጥሩ ነበር። ግን አቶ ኃይሉ ቀና ብለው በተስፋ ሲያዩዋቸው ጊዜ ጋሽ መኮንን ሞቅ አላቸው።

"እንዲያውም ገንዳውን እሱ ራሱ ነው የሚያጥበው! እጁን ነክሮ! ናሆም ማለት እኮ ለዓሣ ነፍሱን የሚሰጥ ልጅ ነው!" ብለው ወደ እኔ አዩ። አስተያየታቸው "ተፈቅዶልሃል፣ ተናገር" የሚል ነው። ይህን ያህል ሰዓት ታፍኜ ቆይቼ ዕድሉ ሲሰጠኝ ምን ላድርግ?

"ሐዋሳ ከሄደማ ከሐይቁ ዳር የሚያነሣው የለም!" አልኩ። ናሆም ሐዋሳ ሄዶ ያውቅ እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

"ሐዋርያትም ዓሣ አጥማጆች ነበሩ" አሉ ቄስ አምሳሉ፤ እሳቸው እንኳ አልዋሹም፣ ግን አጨማመራቸውን ስታዩት ያው ነው።

ማህሌት ድንገት አሳላት። በፎጣው አፏን ሸፍና ወደ ማድቤት ሄደች። እኔ ያለቀሰች መስሎኝ ነበር።

አቶ ኃይሉ ብድግ አሉ። "እንግዲያውስ... ተቀመጡ!"

ያን ጊዜ የሶፋውን መርጠብ ማን አየው! ሦስታችንም እኩል ቁጭ አልን፤ ሶፋው "ጭልቅ" አለ፤ ማንም እንዳልሰማ ሆነ። ቄስ አምሳሉ መስቀላቸውን አንሥተው መረቁ። "ቤታችሁ እንደዚህ ገንዳ ሞልቶ ይፍሰስ!"

"አባቴ፣ ይሙላ እንጂ አይፍሰስ!" አሉ እትዬ አበባ፣ መሬት ላይ ተንበርክከው በጨርቅ እየጠረጉ።

"አሜን!" አልኩ እኔ፤ ሥራዬ ነውና።

ደረጃውን ስንወርድ ለናሆም የደወልኩት እኔ ነኝ። ገና በመጀመሪያው ጥሪ አነሣው።

"ጋሼ! ምን አሉ? ለምን ቆያችሁ? እምቢ አሉ?"

"እሺ ብለዋል!"

ስልኩ ውስጥ የሰማሁት ጩኸት የመስቀል ፍላወር ካፌን ሰው ሁሉ ሳያስነሣ አልቀረም። "አንድ ነገር ብቻ ቃል ገብተንልሃል" አልኩት፤ "ቀላል ነገር ነው። እሁድ እሁድ የአማትህን ዓሦች ገንዳ ታጥባለህ። እጅህን ነክረህ።"

መሥመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ?" አልኩ።

"ጋሼ..." አለ ናሆም፣ "በሕይወት ያለውን ዓሣ ነው?"

"የሞተ ማን ያጥባል?"

"ጋሼ፣ እኔ እኮ ዓሣ እፈራለሁ! ልጅ ሆኜ ላንጋኖ አንዱ እግሬን ነክቶኝ ካለፈ ጀምሮ ሳህን ላይ እንኳ ጭንቅላቱን ካየሁት... ማህሌት ታውቃለች እኮ! አልነገረቻችሁም?"

ያቺ ሳል ምን እንደነበረች ያኔ ገባኝ።

ሠርጉ ደርሷል፣ አልፏል፤ አብረው ተባርከው ይኖራሉ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ናሆም እስከ ብብቱ የሚደርስ ጓንት አጥልቆ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ገንዳው ላይ ይቆማል። ማህሌት "ግራ... ቀኝ... አሁን ዝቅ..." እያለች ትመራዋለች። አቶ ኃይሉ ከኋላው ትከሻውን ይዘው "አይዞህ ልጄ፣ አይነክስም" ይሉታል፤ እንዲህ የሳቁበት እሁድ ኖሯቸው አያውቅም አሉ። ባለፈው በር ላይ ሲያገኘኝ ግን ናሆም ሰላም ያለኝ በግማሽ አፉ ነው።

ስለዚህ ሽማግሌ ልትልኩ ያሰባችሁ ወንድሞቼ ሆይ፣ ከዚህ በኋላ ስትልኩን ያላችሁን ንብረትና የተማራችሁትን ትምህርት አትደርድሩልን፤ እሱን እኛው አሳምረን እናወራዋለን። ሽማግሌ፣ ሰው ፊት ቆሞ ልቡ ሲነካ ያልተጠየቀውን ሁሉ አሟልቶ ነው የሚሰጠው... በናታችሁ፣ አስቀድማችሁ የምትፈሩትን ንገሩን!